ሉቺያኖ ቫሳሎ፦ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲየም፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበረች። የጣሊያን ጦር ከአገሪቱ ተሸንፎ ከወጣ ገና ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያ ቀን በሜዳው ዙሪያ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አባቱን፣ ወንድሙን ወይም ቤቱን በወረራው ያጣ ሰው ብዙ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። የጣሊያን ስም የያዘ ሰው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ በዚያ ሕዝብ ፊት መቆሙ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የሕይወቱ ታሪክም የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ለጅማና ለአካባቢዋ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ጅማ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች “ጋላ ሲዳሞ” ብለው ለሰየሙት ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ነበር። ከቦሳ ኪቶ ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ለሚወርድ መንገደኛ ዛሬም በየመንገዱ የሚታዩት አሮጌ ሕንጻዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ቡናችንን ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድም በዚያው ጊዜ ለመኪና የተጠረገ ነው። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጦሩ ሲሄድ ግን ሁሉን ይዞ አልሄደም። ቃላቱን ትቶልናል፦ የጋራዡ ካቻቢቴና ጎሚስታ፣ የቡና ቤቱ ማኪያቶ ከዚያ የመጡ ናቸው። “በካልቾ መታው” ስንልም በጣሊያንኛ እግር ኳስ ማለት የሆነውን ቃል ርግጫ አድርገን እየተናገርን ነው። ከቃላቱ ሌላ፣ ጦሩ በሰፈረባቸው ከተሞች ሁሉ ልጆችን ትቶ ሄዷል። ሉቺያኖ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው።

ልደትና የዘመኑ ሕግ

ሉቺያኖ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአስመራ ነው። ልክ በሰባተኛው ሳምንት፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አስመራ በዚያ ወራት የጦር ሰፈር ነበረች፤ ከጣሊያን በመርከብ ምጽዋ የሚደርሰው ወታደር፣ የጭነት መኪናውና ጥይቱ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር።

በዚያ ዘመን ከጣሊያናዊ አባትና ከአገሬው እናት የሚወለድ ልጅ ዕጣ ፈንታው በየጊዜው በሚለዋወጥ ሕግ እጅ ላይ ነበር። በ1925 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን ሕግ ክልስ ልጆች አስተዳደጋቸው ታይቶ ዜግነት የሚያገኙበትን ጠባብ በር ክፍት አድርጎ ነበር። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ግን የፋሺስቱ መንግሥት ዘርን የሚለይ ሕግ ማውጣት ጀመረ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ደነገገበት። ይህም አልበቃ ብሎ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ። ልጁ በእናቱ ወገን ተቆጥሮ እንዲያድግ፣ ወጪውንም እናቱ ብቻ እንድትችል ተደረገ። በዚያን ጊዜ ሉቺያኖ አምስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

የሕጉ ጭካኔ ከወረቀቱ ይልቅ በመንደሩ ይታይ ነበር። አባት የተከለከለው ልጅ በጣሊያኖቹ ዘንድ ንጹሕ ያልሆነ ደም፣ በአገሬው ዘንድ ደግሞ የጠላት ዘር ሆኖ ይታይ ነበር። “ዲቃላ” የሚለው ስድብ ከሁለቱም ወገን በሁለት ቋንቋ ይወርድበታል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ስትገባም የእነዚህ ልጆች ኑሮ ወዲያው አልተሻሻለም፤ ብዙ አባቶች ሞተዋል፣ ተማርከዋል ወይም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ሉቺያኖንና ከእሱ በአምስት ዓመት ገደማ የሚያንሰውን ወንድሙን ኢታሎን ያሳደገች እናታቸው ናት። ሉቺያኖ በስተርጅና በጣሊያንኛ ለጻፈው የሕይወት ታሪክ የሰጠው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ” እንደ ማለት ነው። ስለ ልጅነቱ ከዚህ ርእስ የበለጠ የሚናገር ነገር ብዙ አያስፈልግም።

ኮከብ የሚል ስም ያለው ቡድን

ሉቺያኖ ገና በወጣትነቱ የመካኒክነት ሙያ ተማረ። ይህ ሙያ እስከ ዕድሜው ማምሻ አልተለየውም፤ እግር ኳስ ክብር ሰጠው እንጂ እንጀራ የሰጠው መፍቻና ካቻቢቴ ነው። የዚያ ዘመን ተጫዋች እንደ ዛሬው በወር ደመወዝ ኳስ ብቻ እየተጫወተ የሚኖር አልነበረም። ቀን በፋብሪካ፣ በባቡር ድርጅት፣ በጦር ሠራዊት ወይም በጋራዥ ይውላል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ልምምድ ይሄዳል።

ኳሱን የጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ “ስቴላ አስማሪና” በሚባል ቡድን ነው፤ የአስመራ ኮከብ ማለት ነው። ቡድኑ የክልስ ወጣቶች ስብስብ ነበር። የተሰባሰቡበትን ምክንያት ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያሻም፤ በጣሊያኖቹ ክለቦችም ሆነ በአገሬው ቡድኖች ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገሩ ስለነበር የራሳቸውን አቆሙ። ሉቺያኖ ከዚያ ወደ ገጀረት፣ ቀጥሎም ወደ አስመራ ስፖርት ቡድን ተሻገረ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ የአስመራ ቡድኖች ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ቡድኖች ጋር መጋጠም ጀምረው ስለነበር፣ ጎበዝ ተጫዋች ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መታየቱ አይቀርም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባ ኳስ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዲጋጠሙ አይፈቀድም ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተሰለፈ፤ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዙ ቡድን ነው። ጊዮርጊስ ፎርቲቱዶን ሲገጥም ሕዝቡ የሚያየው ኳስ ብቻ አልነበረም፤ የአምስቱን ዓመት ቂም በሰላማዊ መንገድ ሲወጣ ነበር። በኢትዮጵያ እግር ኳስ የጣሊያን ስም ከዚያ ጀምሮ የተጋጣሚ ስም ሆኖ ተለምዷል። ሉቺያኖ ሲመጣ ያን የለመደ ጆሮ ነው የገጠመው።

በፊደላችን ቤት እንኳ ስሙ እንግዳ ነበር። የ“ቫ” ድምፅ በግእዝ ፊደል ውስጥ የለም፤ በ“በ” ራስ ላይ ሰረዝ ተጨምሮበት ለባዕድ ቃላት የተበጀ ፊደል ነው። የቡድኑን ዝርዝር የሚጽፍ ጸሐፊ ከወርቁና ከወልዴ ቀጥሎ ቫሳሎ ላይ ሲደርስ ያንን ሰረዝ መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ ለሁለቱ ወንድማማቾች ሁለት ጊዜ።

ድሬዳዋ

የክለብ ዘመኑ ዋና ምዕራፍ የተጻፈው በድሬዳዋ ነው። ሕዝቡ “ኮተን” እያለ በሚጠራው የጥጥ ፋብሪካው ክለብ ውስጥ በ1950ዎቹ ተጫወተ። ኮተን በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ፣ ለአዲስ አበባ ክለቦች ፈተና የነበረ ቡድን ነው። ዋንጫው ከዋና ከተማዋ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ከተማ መሄዱ ለክፍለ ሀገር ደጋፊ ምን ማለት እንደሆነ የጅማ ሰው ያውቀዋል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን የግብ አዳኙ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ ያን ጊዜ በጅማ ጎዳና ስለ ስሙ የጠየቀ አልነበረም።

ድሬዳዋም እንዲሁ ስም የማትጠይቅ ከተማ ነበረች። የባቡር ከተማ ስለሆነች ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ፈረንሳዩና ጣሊያኑ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራውና ከሐረሬው ጋር በአንድ ገበያ ይገበያዩባታል። ለአንድ ክልስ መካኒክ ከአስመራም ሆነ ከአዲስ አበባ ይልቅ የምትመች ቦታ ሳትሆን አልቀረችም ብሎ መናገር ከእውነት አያርቅም።

ወደ 1954 የተደረሰበት መንገድ

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ሊሳተፉ የነበሩት አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተገለለች፤ ኢትዮጵያም በዚህ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ደግሞ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ምንም ግብ ሳታስቆጥር ተመለሰች። ሦስተኛው ውድድር አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ዋንጫ ታሪክ አንድ ግብ እንኳ ያላስቆጠረች አገር ነበረች።

ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በተጫዋችነት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰው፣ በአመራርም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራች ሲሆኑ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። ቡድኑ ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከድሬዳዋ የተውጣጣ ነበር። መንግሥቱ ወርቁ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ አዋድ መሐመድ፣ ግብ ጠባቂው ጊላሚካኤል ተክለማርያምና ሁለቱ ቫሳሎዎች ከዚያ ስብስብ መካከል ነበሩ። የስሞቹ ዝርዝር ብቻውን የአገሪቱን መልክ ያሳያል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ የመረብ ማዶውና የመሐል አገሩ ሰው በአንድ መስመር ተሰልፏል።

ሉቺያኖ አማካይ ነበር፤ ጨዋታ የሚያደራጅ፣ ግብም የሚያገባ። አምበልነቱን ግን ሁሉም በቀላሉ አልተቀበለውም። ራሱ በኋለኛ ዘመኑ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ዋንጫው ቢገኝ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው ክልስ መሆን የለበትም የሚል ሐሳብ ከፍጻሜው በፊት ተነሥቶ፣ የአምበልነት ምልክቱ ለሌላ ተጫዋች እንዲሰጥ ተፈልጎ ነበር። ባልደረቦቹ አልተስማሙም። ምልክቱ በክንዱ ላይ እንዳለ ወደ ሜዳ ገባ።

ጥር 13 ቀን

በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት ቡድኖች ነበሩ። ኢትዮጵያ አዘጋጅ፣ ግብፅ የቀድሞ ሻምፒዮን በመሆናቸው ገቡ፤ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ማጣሪያውን አልፈው መጡ። ግብፅ በዚያ ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ በሚለው ስም ትጠራ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ግብፅም ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታች።

የፍጻሜውን ቀን በቴሌቪዥን ያየ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነውና። በስታዲየም ያልነበረ ሰው የሰማው በወሬ፣ በሬዲዮና በጋዜጣ ነው። የጨዋታው ደቂቃዎች ግን በመዝገብ ተይዘዋል፤ በዝግታ ቢነበቡ ይሻላል።

በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፅ አስቆጠረ። እረፍት ላይ 1 ለ 0። ከእረፍት መልስ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልተለወጠም። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ ሆነች። የሕዝቡ ጩኸት ሳይበርድ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው ባደዊ ሁለተኛውን አገባ። ለአንድ ቡድን ከዚህ የበለጠ የሚሰብር ነገር የለም፤ ሰባ ደቂቃ ተደክሞበት የተገኘ አቻነት በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ተከታታይ ሻምፒዮን ናት፤ በሁለቱም ጊዜ ኢትዮጵያን አራት አራት አግብታባታለች፤ አሁን ሩብ ሰዓት ብቻ ቀርቷታል።

በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስቆጠረ። 2 ለ 2።

መደበኛው ጊዜ በዚህ ተጠናቀቀ። ጭማሪው ሰላሳ ደቂቃ የተጫወተው ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። ከዓባይ ቆላ ለመጣ ተጫዋች ያ አየር ሳንባ ያሳጥራል፤ አስመራና አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ግን የእናት ቤት አየር ነው። በ101ኛው ደቂቃ ታናሽየው ቫሳሎ፣ ኢታሎ፣ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጋት። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን አነሡ፤ አምበሉ ቀርቦ እጅ ነሣ፤ ተቀበለም።

ከአራቱ ግቦች ሁለቱ በሁለት ወንድማማቾች የተቆጠሩ ናቸው። በፋሺስቱ ሕግ አባታቸው ስሙን እንዳይሰጣቸው የተከለከለባቸው፣ በአገሬው መንደር ደግሞ በዚያው ስም የተሰደቡ ሁለት ልጆች፣ በአንድ ቀን ውስጥ ያን ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ሁለት ጊዜ አጻፉት። ስለዚያ ቀን ሲወራ የመንግሥቱ ወርቁ ስም ቀድሞ ይነሣል፤ ይገባዋልም፤ በኢትዮጵያ ምድር ከታዩት አጥቂዎች የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ነገር ግን የመንግሥቱ ግብ ድሉን ያጸናች እንጂ ያተረፈች አይደለችም። ጨዋታውን ከመሞት ያተረፈችው የ84ኛው ደቂቃ ግብ ናት፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት እርሷ በአገሪቱ የእግር ኳስ ታሪክ ከተቆጠሩት ሁሉ ትበልጣለች።

ከዋንጫው በኋላ

ድሉ ከተገኘ ዐሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ግዛቲቱ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነትም ከዚያ በኋላ ቀጠለ። በአንድ ማልያ ተሰልፈው የነበሩት የአስመራና የአዲስ አበባ ልጆች የአንድ አገር ሰዎች መሆናቸው አጠያያቂ እየሆነ ሄደ።

በሜዳም ያ ከፍታ አልተመለሰም። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በጋና አራተኛ ወጣች። በ1958 ዓ.ም. በቱኒዚያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፤ በሴኔጋል 5 ለ 1፣ በአዘጋጇ 4 ለ 0። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና በአገር ቤት ተዘጋጀ፤ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ሉቺያኖም ከቡድኑ ጋር ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። ከስድስት ዓመት በፊት ጭማሪ ሰዓት የሰጠውን በዚያው ከተማ ጭማሪ ሰዓት መልሶ ወሰደ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሁለተኛ ዋንጫ አላየችም። ከ1974 ዓ.ም. እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስም ለሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ውድድሩ እንኳ አልደረሰችም።

ሉቺያኖ መጫወት ሲያቆም ወደ አሰልጣኝነት ተሻገረ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም ለማሰልጠን በቃ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በቀይ ሽብሩ ዘመን ንብረት ያለው፣ የባዕድ ስም ያለው፣ ከውጭ ሰው ጋር የሚጻጻፍ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ወቅት ነበር፤ ሉቺያኖ ደግሞ ከሦስቱም ለማምለጥ የሚችል ሰው አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ድንበሩን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ጣሊያን ተሻገረ። ዋንጫውን የተቀበለበት እጅ ባዶውን ነበር።

ጣሊያን የአባቱ አገር ናት፤ ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ዕድሜው ያለፈው ከእርሷ ርቆ ነው። በሮም አጠገብ በባሕር ዳር በምትገኘው ኦስቲያ ተቀመጠ። ወደ ወጣትነቱ ሙያ ተመልሶ መኪና መጠገን ያዘ፤ ከጋራዡ ሥራ ጎን ለጎንም ለሰፈሩ ልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤት ከፍቶ አሠለጠነ። ቅባት በነካው እጅ መኪና ይዘው ለሚመጡለት ደንበኞች ይህ ሽማግሌ የአንድ አህጉር ሻምፒዮን አምበል መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? በጣሊያን የአፍሪካ ዋንጫ በዚያ ዘመን ጋዜጣ የሚሞላ ወሬ አልነበረም። በኢትዮጵያም ከአገር የወጣ ሰው ስም በአደባባይ ብዙ አይነሣም ነበር። በልጅነቱ ከሁለቱም ወገን የተገፋው ሰው በጎልማሳነቱ በሁለቱም ወገን ተረሳ።

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የሉቺያኖ ነገር ይበልጥ ተወሳሰበ። የተወለደባት አስመራ አንድ አገር፣ በአምበልነት የመራት ኢትዮጵያ ሌላ አገር፣ የሚኖርባት ጣሊያን ሦስተኛ አገር ሆነች። ሦስቱም የእኔ ነው ሊሉት ይችላሉ፤ ሦስቱም ደግሞ በአንድ ወቅት የእኛ አይደለም ብለውታል። እሱ ግን በቃለ መጠይቆቹና በመጽሐፉ ደጋግሞ የሚመለሰው ወደ ሁለት ነገሮች ነው፤ ወደ እናቱና ወደ ጥር 13።

ከአሸናፊዎቹ መካከል ይድነቃቸው ተሰማ በ1979 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፣ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም በ2013 ዓ.ም. ቀደሙት። ሉቺያኖ ቫሳሎ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በጣሊያን አረፈ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የ1954ቱ ድል 61 ዓመት ሞላው፤ የኢትዮጵያ አምበሎች ሁሉ ስም በተጻፈበት ዝርዝር ውስጥም የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ብቸኛው ስም፣ ሰረዝ ካለበት ፊደል የሚጀምረው የእሱ የአባት ስም ሆኖ ቀርቷል።